ምዕራፍ 7፦ ከየት ተነሥቶ?

ባለፈው ክረምት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የእህቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ዚፕ ፋይል ላከችልኝ። የአያቷን የምግብ አሠራር፣ ከዶሮ ወጡ እስከ ድፎ ዳቦው፣ ጓዳ ገብታ እየጠየቀችና እየጻፈች ስትሰበስብ ከርማ ድረ ገጽ አድርጋዋለች። ኢንተርኔት ላይ ከማውጣቷ በፊት እንዳየው ፈለገች። ዚፑን ፈትቼ የመጀመሪያውን ገጽ ሁለቴ ክሊክ አደረግሁ። የመጣልኝ ነጭ ገጽ ነው፦ ከላይ እስከ ታች የወረደ ጥቁር ጽሑፍ፣ ከሥራቸው የተሰመረባቸው ሰማያዊ ሊንኮች፣ የስክሪኑን ስፋት አልፎ የሄደ የሽንኩርት ፎቶ። ደወልኩላት።

«ጋሼ፣ እንዴት አገኙት? ቡናማው ቀለም አልበዛም?»

«ቡናማ ቀለም የለም እኮ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «እኔ ጋ እኮ ይሠራል! አሁን ራሱ ከፊቴ ነው።»

አልዋሸችም። የስክሪኗን ፎቶ ላከችልኝ፤ ቡናማ ርዕስ፣ ሰፊ ኅዳግ፣ በሳጥን በሳጥን የተደረደሩ ምግቦች፣ ደስ የሚል ሥራ ነው። በእሷና በእኔ ኮምፒውተር ላይ ያሉት ፋይሎች ደግሞ በአንዲት ነጥብ አይለያዩም። ድረ ገጽ መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ቦታ ይደርሳል። ብዙዎች ሥራቸው የተበላሸ ይመስላቸውና እንደገና ከባዶ ይጀምራሉ፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸም የጠፋም ነገር የለምና።

አጥንትና ልብስ

በምዕራፍ 2 አንድ ገጽ ከሁለት ነገር እንደሚሠራ አይተናል። ኤችቲኤምኤል አጥንቱና ሥጋው ነው፤ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሥዕል ነው ይላል። ሲኤስኤስ ልብሱ ነው፤ ርዕሱ ቡናማ ይሁን፣ ሥዕሉ ከሳጥኑ አይውጣ ይላል። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት በተለያየ ፋይል ነው።

መለያየታቸው የመጣው ኋላ ላይ ነው። ሆኮን ቪዩም ሊ የተባለ ኖርዌጃዊ ድሩ በተወለደበት በሰርን የምርምር ማዕከል ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1994፣ የገጽ አለባበስ ለብቻው ይጻፍ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኔዘርላንዳዊው በርት ቦስ አብሮት ሠራ፤ በዲሴምበር 1996 የመጀመሪያው ደረጃ ጸደቀ። ትርፉ ትልቅ ነው። መቶ ገጽ ያለው ሰው አንድ የልብስ ፋይል ይጽፍና መቶውንም ያለብሳል፤ ቀለሙን መለወጥ ቢያምረው የሚነካው አንዱን ፋይል ብቻ ነው።

ትርፉ ግን ዕዳ አለው። ልብሱ ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ሄዶ የሚያመጣው ያስፈልጋል። ኤችቲኤምኤሉ ራስጌ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ «ልብሴ እዚህ ቦታ ነው» ትላለች። ብራውዘሩ መስመሯን አንብቦ ይሄዳል። ካገኘ ያለብሳል። ካላገኘ ዝም ብሎ ይመለስና ገጹን እንዳለ ያሳየናል።

ይህ ዝምታ ነው ጀማሪውን የሚያደናግረው። ብራውዘሩ ግን በክፋት አልተሠራም። ልብስ ጠፋ ብሎ እንግዳውን በር ላይ ከመመለስ ይልቅ ከራሱ ጓዳ አንድ ተራ ልብስ ደርቦለት ያስገባዋል። ሊንኩ ሰማያዊ ሆኖ ከሥሩ የሚሰመርበት፣ ዝርዝሩ ፊቱ ላይ ጥቁር ነጥብ የሚያወጣው ከዚያ ተራ ልብስ የተነሣ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ለሚያነብ ሰው ይህ ቸርነት ነው፤ ቀለሙ ባይደርስም የወጡ አሠራር ይደርሰዋል። ምልክቱን እንያዝ፦ ጽሑፉ ሙሉ ሆኖ መልኩ እንዲህ ከተራቆተ፣ ልብሱን ሊያመጣ የሄደው ባዶ እጁን ተመልሷል ማለት ነው። የት ሄዶ ነበር? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

«አሁን የት ነህ?»

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን በስልክ ጠቁሞ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። «ከፋርማሲው ቀጥሎ ባለው ቅያስ ግባ፤ በስተቀኝ ሦስተኛው ሰማያዊ በር» እንላለን። የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚመልስልን ምንድን ነው? «የትኛው ፋርማሲ?» እኛም ወዲያው እንጠይቃለን፦ «አሁን የት ነህ?» አቅጣጫው በራሱ ሙሉ አይደለም። ግማሹ የተነገረው ቃል ነው፤ ሌላው ግማሽ ያልተነገረው የሰሚው መቆሚያ ነው። መቆሚያው ከተለወጠ ትክክለኛው ቃል የተሳሳተ በር ያንኳኳል።

የኮምፒውተር አድራሻም እንዲሁ ነው። ለንባብ እንዲመች የእህቴን ልጅ ፋይሎች ስም በፊደላችን ልጻፋቸው። ትልቁ ፎልደር «ምግብ» ይባል። በውስጡ «መነሻ.ኤችቲኤምኤል» አለ፤ «ልብስ» የሚባል ፎልደር አለ፣ በእሱ ውስጥ «ዋና.ሲኤስኤስ»። ደግሞ «ወጦች» የሚባል ፎልደር አለ፣ በእሱ ውስጥ «ዶሮ.ኤችቲኤምኤል»። በምዕራፍ 5 ፎልደርን በቤት ውስጥ እንዳለ ክፍል አድርገን ስለነበር ያንኑ እንቀጥል።

መነሻው ገጽ «ልብስ/ዋና.ሲኤስኤስ» ብሎ ቢጽፍ፣ «አሁን ካለሁበት ክፍል ልብስ ወደሚባለው ግባ፣ እዚያ ዋና የሚባለውን አምጣ» ማለቱ ነው። ብራውዘሩ ያለው ምግብ ውስጥ ነው፤ ልብስን ያገኛል፤ ያለብሳል። አሁን ይህችኑ መስመር ገልብጠን የዶሮ ወጡ ገጽ ላይ እንለጥፋት። ብራውዘሩ ያለው ወጦች ውስጥ ነው። ወጦች ውስጥ ልብስ የሚባል ክፍል የለም። ተራቁቶ ይቀራል። የፊት ገጽ ለብሶ የውስጥ ገጾች ሲራቆቱ ባየን ቁጥር ይህን መጠርጠር ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነጥብ ነው፤ «../ልብስ/ዋና.ሲኤስኤስ»። ሁለቱ ነጥቦች «መጀመሪያ አንድ ክፍል ወደ ውጭ ውጣ» ይላሉ።

ብራውዘሮች ይህን በግምት አያደርጉትም። ሮይ ፊልዲንግ እ.ኤ.አ. በጁን 1995 ባወጣው ሰነድ ሕጉ ተጽፏል፦ ሙሉ ያልሆነ አድራሻ ሁሉ ከአንድ መነሻ ጋር ተገጥሞ ሙሉ ይሆናል፤ መነሻው ደግሞ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ አድራሻው የተጻፈበት ሰነድ ራሱ የሚገኝበት ቦታ ነው። ይህ አረፍተ ነገር በምዕራፉ መጨረሻ ላይ ስለሚያስፈልገን አይረሳ።

አንዲት ስላሽ

ሁለት ነጥብ መቁጠር ያሰለቻል። ገጹ ሦስት ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ ሦስት ጊዜ መውጣት አለበት፤ ገጹን ወደ ሌላ ፎልደር ያዛወረ ቀን ቁጥሩ ይፈርሳል። ስለዚህ ሠሪዎች ሌላ አነጋገር ይመርጣሉ። ከአድራሻው ፊት አንዲት ዘንበል ያለች ሰረዝ፣ ስላሽ፣ ያስቀድማሉ፦ «/ልብስ/ዋና.ሲኤስኤስ»። ትርጉሙ «የትም ክፍል ብትሆን ግድ የለም፤ ወደ ግቢው ዋና በር ተመለስና ከዚያ ጀምር» ነው። ከየትኛውም ገጽ ብንጽፈው አንድ ቦታ ያደርሳል። ስላሿ የመጣችው ከዩኒክስ ነው፤ በዩኒክስ ከሁሉም በላይ ያለው የፎልደሮች ሁሉ እናት በአንዲት ስላሽ ይጻፋል፤ ቲም በርነርስ ሊ የድሩን አድራሻ ሲነድፍ ይህን ልማድ ወሰደ።

የእህቴ ልጅ ገጾቿን ያዘጋጀችው ሁጎ በሚባል መሣሪያ ነው። ሁጎ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለ፣ ጽሑፍ ሰጥተነው የተዘጋጀ ገጽ የሚመልስልን ፕሮግራም ነው። የተጠቀመችበት ቅጥ (ዝግጁ የገጽ ንድፍ) የልብሱን አድራሻ የጻፈው በስላሽ ጀምሮ ነበር። ዋና በር ማለት ለማን የቱ እንደሆነ ስንጠይቅ እንቆቅልሹ ይፈታል።

በምዕራፍ 4 ሰርቨርን በግቢ በር ላይ እንደተቀመጠ ዘበኛ አድርገን ነበር። ብራውዘሩ ከውጭ ሆኖ «እንዲህ ያለውን አምጣልኝ» ይላል፤ ዘበኛው ገብቶ ያመጣለታል። ዘበኛ ባለበት ቤት «ዋናው በር» ማለት እሱ የተቀመጠበት በር ነው። እሷ ገጹን ስታይ የነበረው ሁጎ ራሱ በሚያስነሣላት ትንሽ ሰርቨር በኩል ነው። የዘበኛው ግቢ የድረ ገጿ ፎልደር ስለሆነ «/ልብስ/ዋና.ሲኤስኤስ» ሲባል በቀጥታ ልብሷን ያገኛል።

እኔ ደግሞ ሁለቴ ክሊክ አደረግሁ። ሁለቴ ክሊክ ዘበኛ አያስነሣም። ብራውዘሩ ራሱ ተነሥቶ ወደ ዲስኬ ገብቶ ፋይሉን አነበበው። ከላይ የአድራሻ ሳጥኑን ብናይ «ኤችቲቲፒ» ብሎ አይጀምርም፤ «ፋይል:///» ብሎ ይጀምራል። ሦስት ስላሽ የሆነበት ምክንያት አለው። ሁለቱ ስላሾች የባለግቢውን ስም ያስከትላሉ፤ የራሴ ኮምፒውተር ስለሆነ ስሙ ባዶ ሆነ፤ ሦስተኛዋ የመንገዱ መጀመሪያ ናት። አጥር የለም፣ ዘበኛ የለም። ታዲያ ዋናው በር የቱ ነው? የዲስኩ ሁሉ መግቢያ። በእኔ ዊንዶውስ ላይ ብራውዘሩ የሄደው ወደ «ሲ:/ልብስ/ዋና.ሲኤስኤስ» ነው። በሲ ድራይቭ አናት ላይ ልብስ የሚባል ፎልደር የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ለአንድ እንግዳ «ከዋናው በር ግባና በስተቀኝ ሁለተኛው ክፍል» ብለነው፣ እሱ በቃሊቲ በኩል የከተማውን መግቢያ ዋና በር ብሎ ቢጀምር እንደማለት ነው። እኛም አልተሳሳትንም፣ እሱም አልተሳሳተም።

ይህን በእጁ መፈተን ለሚፈልግ አንድ ሙከራ ልንገር። ባዶ ፍላሽ ይውሰዱና «ምግብ» የሚለውን ፎልደር ሳይሆን ውስጡ ያለውን ሁሉ በቀጥታ ፍላሹ አናት ላይ ይገልብጡት። አሁን ከፍላሹ መነሻ ገጹን በዊንዶውስ ላይ ሁለቴ ክሊክ ያድርጉ። ይለብሳል! ፋይሎቹ አልተነኩም፤ የፍላሹ አናትና የድረ ገጹ አናት አንድ ስለሆኑ ዋናው በር ዋናውን በር ሆነ፣ ያ ብቻ ነው። መልሰው ወደ ፎልደር ሲያስገቡት እንደገና ይራቆታል። ይህን ያየ ሰው ስላሿን ከዚያ በኋላ አይረሳትም።

ከአንዲት ስላሽ የባሰችው ጥንዷ ናት። አንዳንድ ገጾች ልብሳቸውን ከሌላ ሰው ሰርቨር ሲያስመጡ በሁለት ስላሽ ብቻ ይጀምራሉ፤ ፊት ያለውን «ኤችቲቲፒኤስ» ይተዉታል። ትርጉሙ «አንተ በመጣህበት ዓይነት መንገድ ወደዚያ ሂድ» ነው። በ«ፋይል» መንገድ የመጣ ብራውዘር የሩቁን ሰርቨር በ«ፋይል» መንገድ ሊፈልገው ይነሣል፤ ኢንተርኔት ቢኖርም አያገኘውም። አድራሻው ሙሉ ሆኖ ከተጻፈ ደግሞ ገጹ የሚለብሰው ኔት ሲኖር ብቻ ነው። ጠዋት ያማረው ገጽ ማታ ኔት ሲጠፋ ከተራቆተ ምክንያቱን ከዚህ መፈለግ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚታይ ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ ለገጠር ትምህርት ቤት በፍላሽ የሚላክ የትምህርት ገጽ፣ ልብሱን ከራሱ ፎልደር ውስጥ ማኖር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ዘበኛውን ቤት መጥራት

ለእህቴ ልጅ ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው አድራሻዎቹን ሁሉ ያለ ስላሽ፣ ከየገጹ መቆሚያ ተነሥተው እንዲጻፉ ማድረግ ነው። ሁጎ ይህን የሚያደርግ አንድ የቅንብር መስመር አለው። ገጹ በዚፕ ወይም በፍላሽ እየተላከ በክሊክ የሚከፈት ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም። ሁለተኛው መንገድ እኔ ጋ ዘበኛ ማስቀመጥ ነው፤ እኔ የመረጥኩት ይህን ነው፣ ገጹ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ የሚኖረውን ኑሮ እዚሁ ስለሚያሳየኝ።

ሰርቨር ሲባል ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል የሞላ ብረት የሚታያቸው ሰዎች አሉ። ሰርቨር ግን ከሁሉ በፊት ሥራ ነው፤ ጥያቄ ተቀብሎ ፋይል የሚሰጥ ፕሮግራም። ማንኛውም ላፕቶፕ ያስነሣዋል። ፓይተን የተጫነበት ኮምፒውተር አብሮት የመጣ ኤችቲቲፒ ሰርቨር አለው፤ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይነሣል፣ በር ቁጥር 8000 ላይ ይቀመጣል። የሁጎው በ1313 ይቀመጣል። ቪኤስ ኮድ የሚጠቀሙ ሰዎች ላይቭ ሰርቨር የሚባለውን ተቀጥላ ጭነው አንድ ቁልፍ ይጫናሉ። ከዚያ በብራውዘሩ አድራሻ ሳጥን «ሎካልሆስት» ብለን የበሩን ቁጥር እናስከትላለን። ሎካልሆስት «እዚሁ ቤት» ማለት ነው፤ በቁጥር 127.0.0.1 ይጻፋል። ጥያቄው ከኮምፒውተሩ አይወጣም፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ካርድም አይበላም።

አንድ ነገር ብቻ ይጠበቃል። ዘበኛው ግቢዬ ብሎ የሚይዘው ሲነሣ የነበረበትን ፎልደር ነው። ከምግብ ፎልደር ውስጥ ካስነሣነው ዋናው በር ምግብ ነው። አንድ ፎልደር ከፍ ብለን፣ ከ«ሰነዶቼ» ላይ ካስነሣነው ዋናው በር ሰነዶቼ ይሆናል፤ ገጹም ይከፈታል፣ ልብሱ ግን አይመጣም። «ሰርቨር አስነሥቼም አልሠራ አለኝ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ያሉት እዚህ ላይ ነው።

ዘበኛው ሌላም ነገር ያውቃል። አንድ ሰው የፋይል ስም ሳይጠቅስ «ወጦች» ብሎ ፎልደሩን ብቻ ቢጠይቀው፣ በልማድ በዚያ ፎልደር ውስጥ ያለውን የመግቢያ ገጽ ያወጣለታል። ይህን የሚያደርገው ዘበኛው ነው፣ ብራውዘሩ አይደለም። በክሊክ በከፈትነው ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ሊንክ ስንጫን ገጽ ሳይሆን የፋይሎች ዝርዝር የሚመጣው ለዚህ ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እንግዲያውስ ችግሩ የክሊክ ነው፤ ገጹ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ይስተካከላል» ሊል ይችላል። ሁልጊዜ አይደለም። የራሱ ስም ያለው ድረ ገጽ የራሱ አጥር ያለው ግቢ ነው። በነፃ ከሚገኙ ማረፊያዎች ግን አንዳንዶቹ ኮንዶሚኒየም ናቸው። ለምሳሌ ጊትሀብ ፔጅስ ላይ አንድ ሥራ ስናወጣ፣ አድራሻው የእኛ ስም ያለበት ሰርቨር ሆኖ ከኋላው ስላሽና የሥራው ስም ይከተላል፤ ዋናው በር የግቢው ነው፣ የእኛ ቤት ግን «ብሎክ ምግብ» ነው። «/ልብስ/ዋና.ሲኤስኤስ» ያለ ሰው ብሎኩን አልጠራም። ብራውዘሩ ከግቢው በር ተነሥቶ ልብስ የሚባል ብሎክ ይፈልጋል፤ «404» ይባላል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቤት የሚሠራው፣ ሰው ፊት የሚራቆተው ገጽ ብዙውን ጊዜ የዚህ ዓይነት ነው። ሁጎም ሆነ ጄኪል የሚባለው ታላቅየው መሣሪያ በቅንብራቸው ውስጥ የቤት አድራሻ የሚሞላበት መስመር አላቸው። ያን መስመር ከነብሎኩ መሙላት ይበቃል፤ አድራሻዎቹን መሣሪያው ራሱ ያስተካክላቸዋል፣ ቅጡ በእጅ የተጻፈ አድራሻ ከሌለበት።

ብራውዘሩን ራሱን መጠየቅ

ብዙ ሰው ችግሩን የሚፈልገው በዓይኑ ነው፦ ኮዱን ከፍቶ ያፈጣል፣ አንድ ነገር ይቀይራል፣ ገጹን ያድሳል፣ ደግሞ ይቀይራል። እንዲህ ሰዓት ማቃጠል አያስፈልግም፤ ብራውዘሩ የሄደበትን ቦታ መዝግቦ ይይዛልና። በኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ ኤፍ12ን ይጫኑ። ከሚከፈተው መስኮት «ኔትወርክ» የሚለውን ይምረጡና ገጹን ያድሱ። ብራውዘሩ የሄደባቸው ቦታዎች በሙሉ ይዘረዘራሉ፤ ያልተሳካው በቀይ ይታያል። ቀዩን ሲነኩት ሙሉ አድራሻው ይወጣል። በኮዱ ውስጥ የተጻፈው ግማሽ አድራሻ ነው፤ እዚህ የሚታየው ከመቆሚያው ጋር የተገጠመው ሙሉው ነው። ያን አድራሻ ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ ማንበብ ነው። እኔ ያን እሑድ ቀዩን መስመር ነክቼ «ሲ:/ልብስ» የሚለውን ሳነብብ ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም።

አድራሻው ትክክል ሆኖ ፋይሉ የሌለበት ጊዜም አለ። ገጹን ከዚፑ ሳይፈቱ፣ ዚፑን እንደ ፎልደር ከፍተው ውስጡ ያለውን ገጽ ክሊክ ካደረጉ፣ ዊንዶውስ ያን አንዱን ፋይል ብቻ አውጥቶ በጊዜያዊ ቦታ ያስቀምጥና ከዚያ ይከፍተዋል፤ ልብሱ ዚፑ ውስጥ ይቀራል። ስልክ ላይ ከቴሌግራም ኤችቲኤምኤል ብቻ ሲከፍቱም እንዲሁ ነው፦ ብራውዘሩ የሚሰጠው አንድ ፋይል ነው፤ «ጎረቤቴ ካለው ፎልደር» የሚለው አነጋገር ጎረቤት የለውም። ከኢንተርኔት ገጽ ስናስቀምጥ ደግሞ «ኤችቲኤምኤል ብቻ» የሚለውን ከመረጥን ልብሱን ቀድሞውኑ አልያዝነውም፤ «ሙሉ ገጽ» የሚለው ከጎኑ አንድ ፎልደር ያስቀምጣል፣ ያን ፎልደር ትቶ ፋይሉን ብቻ ለጓደኛ መላክ እጅጌ የሌለው ኮት መላክ ነው።

ሰ እና ሠ

ፋይሉም አለ፣ አድራሻውም ትክክል ይመስላል፣ ግን አይመጣም። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ልዩ ወጥመድ ያለበት ቦታ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም። በላቲን ፊደል ስም ስንጽፍ በትልቁ ፊደል ጀመርነው በትንሹ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም፤ የምንሰማው ድምፅ አንድ ነውና። ዊንዶውስ እንደ እኛ ነው፤ አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። የኢንተርኔቱ ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ ናቸው፤ ለሊኑክስ ትልቁና ትንሹ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው።

በራሳችን ፊደል ብናስበው ይቀልላል። «ሥዕል» እና «ስዕል» ብለን ብንጽፍ አንባቢያችን ሁለቱንም አንድ ብሎ ያነባቸዋል፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንዲሁ። ኮምፒውተር ግን ድምፅ አይሰማም፤ ምልክት ያያል፤ ሰ እና ሠ ለእሱ እንደ ሰ እና ቀ የተራራቁ ናቸው። ፋይሉን በአንዱ ሰይሞ በሌላው የጠራ ሰው የሌለ ሰው ጠርቷል። የፋይል ስሞችን ሁሉ በትንሹ የላቲን ፊደል፣ ያለ ባዶ ቦታ መሰየም ይህን ድካም ያስቀራል።

ኖትፓድም የራሱ ወጥመድ አለው። «ዋና.ሲኤስኤስ» ብለን ስናስቀምጥ አንዳንዴ ከኋላው «.ቲኤክስቲ» ይጨምርበታል፤ ዊንዶውስ ደግሞ የመጨረሻውን ቅጥያ ስለሚደብቅ እኛ የምናየው «ዋና.ሲኤስኤስ» ብቻ ነው። የፋይል ቅጥያዎች እንዲታዩ የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ይህን ይገልጠዋል። ልብሱን አስተካክለን ገጹ አሮጌውን ከለበሰ ደግሞ ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ቅጂ ነው የሚያሳየን፤ ኮንትሮልና ኤፍ5ን አብረን ስንጫን አዲሱን ያመጣል።

የአያት ርዕስ

ያን እሑድ ማታ፣ ከእራት በፊት፣ እኔ ጋ ዘበኛውን አስነሣሁት። ገጹ ለበሰ፤ ቡናማው ቀለምም አልበዛም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ርዕሶቹ አቢሲኒካ በሚባለው የፊደል ቅርጽ እንዲጻፉ «ፊደል» በሚባል ፎልደር ውስጥ ቅርጹን አስቀምጣለች፤ ርዕሱ ግን በኮምፒውተሬ ተራ ፊደል ነው የመጣው። እሷ ጋ አቢሲኒካ ቀድሞም ኮምፒውተሯ ላይ ተጭኖ ስለነበር ጉድለቱ አልታያትም።

ደወልኩላትና ኤፍ12 ላይ ያየሁትን ቀይ መስመር አነበብኩላት፦ «/ልብስ/ፊደል/አቢሲኒካ»።

«ልብስ ውስጥ ፊደል የለም እኮ» አለች። «ፊደል ከልብስ ጎን ነው። መነሻው ገጽ ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው ያለው፤ ለምን ልብስ ውስጥ ገብቶ ይፈልጋል?»

«አድራሻውን የጻፍሽው የት ላይ ነው? ገጹ ላይ ነው?»

«አይ፤ ሲኤስኤሱ ውስጥ…» አለችና አቆመች። ኪቦርዱ ሲንኳኳ በስልክ ተሰማኝ። «ጋሼ፣ ከልብስ ተነሥቶ ነዋ! ሲኤስኤሱ ያለው ልብስ ውስጥ ነው።»

አዲሱን ፋይል ላከችልኝ። ከፍቼ አየሁት፤ ከአድራሻው ፊት ሁለት ነጥብና አንዲት ስላሽ ጨምራለች። ገጹን አደስኩት፤ «የእማማ ዶሮ ወጥ» የሚለው ርዕስ በአቢሲኒካ መጣ።